ትራክተር የለበሰችው መጽሐፍ

የአሜሪካ መንግሥት እንዴት እንደተዋቀረ የተማርኩት ልደታ፣ የእድራችን ዕቃ ቤት በር ላይ ነው። በሩ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ሆኖ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት ነበር። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ሲያየው ውስጡ ወርቅ የተቀበረ ይመስለዋል። የነበረው ግን አንድ ድንኳን፣ እግራቸው የሚወላገድ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥቀርሻ የጠገቡ ድስቶችና ሁለት በርሜል ነው። የአንደኛው ጓጉንቸር ቁልፍ ከእድሩ ዳኛ ጋር ነው፤ አብነት ሰፈር ሱቅ የነበራቸው፣ ቶሎ የሚቆጡ ሽማግሌ ነበሩ። የሁለተኛው ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ነው፤ ጸሐፊው አባቴ ነበር። የሦስተኛው ከንብረት ያዡ ጋር ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ካልቆሙ በሩ አይከፈትም።

እንዲህ የሆነው ያለ ነገር አልነበረም። እኔ ከመወለዴ በፊት የነበሩ አንድ የእድር ዳኛ ድንኳኑን ለዘመዳቸው ሰርግ ሰጥተው፣ በዚያው ቀን ሰው ሞቶ፣ ለቀስተኛው የሐምሌ ዝናብ እየወረደበት ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ማንንም ላለማመን ተስማማ። ዳኛውን አልሻሯቸውም፣ አልሰደቧቸውምም፤ በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ጨመሩ።

አባቴ ይህን በር ይወደው ነበር። "አሜሪካኖቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው" ይለኝ ነበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሕግ የሚያወጣው አካል አንዱን ቁልፍ ይይዛል፤ እሱም ቢሆን ለሁለት ምክር ቤት ስለተከፈለ አንዱ ካልተስማማ ሌላው ብቻውን የትም አይደርስም። ሁለተኛውን ቁልፍ የሚይዘው ሕጉን የሚያስፈጽመው ፕሬዚዳንት ነው። የወጣውን ሕግ አልፈርምም ብሎ መመለስ ይችላል፤ እነሱ ደግሞ በየምክር ቤቱ ከሦስት ሁለት እጁ ከተስማማ ሳይወድ ያሳልፉበታል። ሦስተኛው የዳኞች ነው። ፕሬዚዳንቱ ዳኛ ይመርጣል፣ አንደኛው ምክር ቤት ያጸድቃል፣ ዳኛው አንዴ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ግን የሾመው ሰው ራሱ ስለከፋው ብቻ ሊያነሳው አይችልም። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የምንለውን እነሱም ያውቁታል፤ ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ የሚወርድበትን ቀን ገና ሳይወጣ ጻፉለት" ይለኝ ነበር አባቴ። ለምን ይህን ያህል ተጨነቁ ብዬ ስጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ያን ሁሉ ገጽ ብትጨምቂው የሚወጣው ይህ ነው።"

እነሱንም ቢሆን አያምናቸውም ነበር። "ስለ ነፃነት ሲጽፉ ቀለሙን የበጠበጠላቸው ባሪያ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህንንም እንዳትረሺ" ይለኛል።

አባቴ በጃንሆይ ጊዜ መንግሥታት እንዴት እንደሚዋቀሩ የሚያስተምር መምህር ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ያ ትምህርት ቀረና ጂኦግራፊ ያዘ። "ተራራ አይገለበጥም" እያለ ይቀልድ ነበር። ከድሮው ትምህርት የተረፈችው አንዲት ስስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ናት፤ ያኔ ለመምህራን በነፃ ይታደሉ ከነበሩት አንዷ፣ የአሜሪካንን ሕገ መንግሥት የምታብራራ። ሽፋኗ ላይ ባንዲራቸው አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ቤቱ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚባል፣ ከተባለ በኋላም የት እንደሚገባ የማያውቅ አልነበረም። አባቴ ሊጥላት አልቻለም፤ ሸፈናት። እኛ ደብተራችንን የምንሸፍነው ከሶሻሊስት አገሮች በሚመጡ መጽሔቶች ነበር፤ ወረቀታቸው ወፍራምና የሚያብለጨልጭ ነው፣ የትም ይገኛሉ። መጽሐፏም ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ትራክተር ላይ ሆና የምትስቅበትን ገጽ ለበሰች።

ከእኔ በፊት ያነበባት ወንድሜ ነው። ጠርዟ ላይ በእርሳስ ይጽፍባት ነበር። እጁ ከባድ ነው፤ ወረቀቱን እየተጫነ ስለሚጽፍ ፊደሉ ከገጹ ጀርባ ያብጣል። "አንተ ልጅ፣ እየጻፍክ ነው እያረስክ?" ይለው ነበር አባቴ። እኔ ሰባት ዓመቴ ሳለ ወረቀት ይበትናል ተብሎ በአሰሳ ከቤታችን ተወሰደ። የመጡት ጠመንጃ የያዙ የሰፈራችን ወጣቶች ነበሩ። ሣጥኑን ገለበጡ፣ ፍራሹን ቀደዱ፣ እናቴን ገፈተሯት። ከመካከላቸው አንዱ አልማታም፣ አልተሳደበም፤ በሩን ይዞ ቆሞ ነበር። አብነት ሰፈር ጎሚስታ ነበር፣ ጎማ ሲለጥፍ አየው ስለነበር ጥቁር ጥፍሮቹን አውቃቸዋለሁ። ወንድሜ አልተመለሰም። የተረፈን አንድ ካርቶን ሙሉ ደብተሩና መጽሐፏ ጠርዝ ላይ ያለው እርሳስ ነው።

ያ ጎሚስታ ውሎ አድሮ የቀበሌ ሰው ሆነ፣ ከዚያም የእድራችን ንብረት ያዥ ሆኖ ተመረጠ። አዎ፣ ባለ ሦስተኛው ቁልፍ እሱ ነው። ሲመረጥ አባቴም እጁን አውጥቶለታል። እናቴ ለዚህ ሲባል ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። "ከጀርባዬ ከሚቆም ከጎኔ ይቁም፣ እያየሁት" ነበር የአባቴ መልስ። እኔ ግን ያንን ሰው አንድም ቀን አላመንኩትም። ደህና ዋልሽ ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው እያልኩ ቤቴ እገባ ነበር።

የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ በየቀበሌው ለውይይት ሲወርድ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የእኛን ሰፈር ውይይት የሚመራው ንብረት ያዡ ሆነ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣ። አባቴ ትምህርት ቤት ነው፣ እናቴ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። እኔ መጽሐፏን አባቴ አልጋ ሥር ካለው ሣጥን አውጥቼ ሳነብ ነበርና በሩ ሲንኳኳ እንደ ማንኛውም ደብተር መደርደሪያው ላይ አስገባኋት።

"ጋሼ የሉም?" አለኝ ቆሞ።

"የሉም።"

"እሁድ ውይይቱን እንድመራ ተብያለሁ። ስለ ሕገ መንግሥት የሚያወራ ነገር ካላቸው አንብቤ ልዘጋጅ ብዬ ነበር። እኔ እንደሆንኩ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።"

ሳልመልስለት ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ሄደ። ትራክተሯን አየ። ሳብ አደረጋት፣ መሃሏን ገለጠ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ መስመር ለማንበብ ታገለ።

"ኮንስቲቲዩሽን ይላል። የሶቪየቶቹ ናት አይደል? ይቺን ልዋሳት።"

"አዎ" አልኩት። እሷን ተዋት ብለው ለምን ይለኛል። ዝም ብለው ለምን ዝም አልሽ ይለኛል። ያን ጊዜ ሌላ ምን ማለት እችል እንደነበር አሁንም ድረስ አላውቅም። በብብቱ ይዟት ወጣ።

አባቴ ሲመጣ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። "ምን አለ? ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ" አለኝ። ነገርኩት። ድገሚልኝ አለ፤ ደገምኩለት። ሲወስዳት ፊቱ እንዴት ነበር፣ ስንተኛውን ገጽ ገለጠ፣ እየሳቀ ነው የወጣው ወይስ ኮስተር ብሎ፤ ይህን ሁሉ ጠየቀኝ። እናቴ "ሂድና መልስልኝ በለዋ" አለችው። "መልስልኝ ካልኩት ለምን ቸኮለ ብሎ ሳያነባት የነበረውን ያነባታል" አለ አባቴ። እንዲህ ሆነን ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ምልክት ሆነብን። ረቡዕ ጠዋት ንብረት ያዡ በራችን ላይ ሲያልፍ ለአባቴ ኮፍያውን አነሳ፤ ከዚያ በፊት አንስቶ አያውቅም። ሐሙስ ሚስቱ ከጓሮዋ የቀጠፈችውን ጎመን በልጇ ላከችልን። እናቴ ጎመኑን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። "ነገ ባሏ ሊያስረው ላሰበው ሰው ነው ጎመን የምትልክ?" አለች፤ ቀጥላ ደግሞ "ወይስ አዝናልን ይሆን?" ይኸኛው ይበልጥ አስፈራን። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንድ ላንድሮቨር ሁለት ቀን ሙሉ ቆመ። ውስጡ ማን እንዳለ ለማየት በተራ በተራ እየወጣን በአጠገቡ አለፍን። በሦስተኛው ቀን ሰዎች እየገፉ ወሰዱት፤ ለካስ ተበላሽቶ ነው።

እሁድ ቀበሌ አዳራሽ ሄድን፤ መቅረት አይቻልም ነበር። ንብረት ያዡ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ አነበበ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን አውጥተው "ይሄ ነገር ሲጸድቅ የቦኖው ውሃ ይመጣልናል ወይ?" ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን የሚለው ላይ ሲደርስ ንባቡን አቆመና አባቴን በዓይኑ ፈለገው።

"ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት የለም? ይሄን ሁሉ ሥልጣን የያዘውን ሰው የሚቆጣጠረው ማነው?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አባቴ ተነሣና "ረቂቁ በሚገባ የተብራራ ነው፤ የምጨምረው የለኝም" ብሎ ተቀመጠ። ወደ ቤት ስንመለስ "ወጥመድ ናት፣ አነበባት ማለት ነው" አልኩት። "እኔም እንደዚያ መሰለኝ" አለኝ።

አሁን ሳስበው ያናድደኛል። መጽሐፏም የምታወራው ስለ ጥርጣሬ ነበር፣ እኛም ቤት ከላይ እስከ ታች የሞላው ጥርጣሬ ነው። እነሱ የጠረጠሩት ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ነው፤ ጥርጣሬያቸውንም በቀለም ጽፈው፣ አገር እያየው፣ ሕግ አደረጉት። እኛ የምንጠረጥረው ጎመን የላከችልንን ሴት ነው። ወንበሩ ላይ ያለውንማ ማን ደፍሮ!

ደብተሮቹን እናቃጥል ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን በማንም አላሳብብም። ወንድሜ በአንዱ ደብተር ላይ ከመጽሐፏ የገለበጠው ሥዕል ነበር፤ ሦስት ሣጥን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄድ ቀስት፣ በየሣጥኑ ላይ ማን ማንን እንደሚቆጣጠር የሚገልጽ ጽሑፍ። ለአሰሳ ቢመጡ መጽሐፏ ተገኝታ፣ ሥዕሉ ተገኝቶ፣ የወንድሜ ስም ታውቆ፣ አባቴ ምን ብሎ ይወጣል? የትኛው ደብተር ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ ደግሞ አናውቅም። ሰኞ ጠዋት ለእናቴ ይህን ስነግራት ካርቶኑን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

"ይሄንንም ልስጣቸው?" አለችኝ።

"ወይ ደብተሩን ወይ አባባን። ምረጪ።"

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለእናቷ እንዲህ ማለት አልነበረባትም። አባቴ ሰምቶኛል፤ ተቆጥቶ ዝም ቢያሰኘኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ፊቱን አዙሮ መስኮቱ ጋ ቆመ።

እናቴ ጭሱ የምሳ እንዲመስል ምድጃው ላይ ባቄላ ጣደች። ደብተሩን እየገነጠልኩ አቀበልኳት፣ እሷ እያየች ከተተችው። ወረቀቱ ቶሎ ሄደ። የሚያብለጨልጩት ሽፋኖች ግን አልነድ ብለው፣ ተጠቅልለው፣ ቆዳ የተቃጠለ የሚመስል ሽታ አወጡ። ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ "ምን አረረብሽ?" ብላ ጠየቀች። "ባቄላ ነው" አለቻት እናቴ፣ ድምፅዋ ምንም ሳይለወጥ። ሦስታችን ተቀምጠን ያንን ባቄላ ምሳ በላነው።

ሐሙስ ገና ሳይነጋጋ የጡሩምባ ድምፅ ሰማን። አባቴ ከአልጋው ተነሥቶ ቆመ፤ ለአንድ አፍታ መጡ ብሎ ነበር። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነው፤ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ይኖሩ የነበሩ አንዲት ባልቴት ማረፋቸውን ይለፍፋል። ድንኳን መውጣት አለበት፤ ድንኳን ለማውጣት ደግሞ ሦስቱ ቁልፎች በሩ ላይ መገናኘት አለባቸው።

"አትሂድ፣ ቁልፉን እኔ ላድርስ" አልኩት።

"ቁልፍ በሰው አይላክም። ደንቡን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ" አለኝና ሁለት ካልሲ ደርቦ አደረገ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ለበሰ። እናቴ ሳትናገር ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። እስር ቤት ወለሉ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉም ያውቅ ነበር። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላልና እኔም ብቻውን አልሰደው ብዬ ተከተልኩት።

ዳኛው ቀድመው ደርሰው ጓጉንቸራቸውን ከፍተዋል። "ሟቿ እናንተ እስክትነሡ ትጠብቅ?" ብለው ተቆጡን። የአባቴ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ከቀዳዳው ሳተ። ንብረት ያዡ መጨረሻ ላይ የራሱን ከፈተ። ወጣቶቹ ድንኳኑን እየጎተቱ ሲያወጡ፣ ዳኛውም እየጮሁ ሲከተሏቸው፣ ንብረት ያዡ ወደ አባቴ ዞረ።

"ጋሼ፣ ድስቶቹን አንድ ጊዜ ይቁጠሩልኝ።"

አባቴ ገባ። እኔም ከኋላው ገባሁ። ሰውየው ከጃኬቱ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ለአባቴ ሰጠው።

"ይቅርታ፣ አስቆየሁብዎት። ሜክሲኮ አደባባይ ጋ የሚማር ዘመድ አለኝ፣ ከሱ መዝገበ ቃላት ተውሼ ነው ያነበብኳት። የሶቪየት አለመሆኗን ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው ያወቅኩት።"

አባቴ ጋዜጣውን ገለጥ አድርጎ ትራክተሯን አየ።

"እሁድ የጠየቅሁዎት የምሬን ነበር። ሰው ፊት መሆኑን ዘንግቼ ነው፤ በኋላ ራሴን ረገምኩ።" ጥፍሮቹን አየት አደረገ። "ጋሼ፣ ቤት ስለመፈተሽ የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጠመንጃ የያዘም ቢሆን፣ የትኛውን ቤት እንደሚፈትሽና ምን እንደሚፈልግ ለይቶ የሚገልጽ፣ ዳኛ የፈቀደው ወረቀት ከሌለው አይገባም ነው የሚለው?"

"ነው" አለ አባቴ።

"እኛ ያኔ ወረቀት አልያዝንም ነበር።"

ውጭ ዳኛው "ወንበሩስ?" እያሉ ይጮሃሉ። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ሰውየው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው፣ ቀጠለ።

"ጠርዙ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ሁሉ አጥፍቼልዎታለሁ። የእጅ ጽሑፍ ያስታውቃል፣ ሌላ ሰው እጅ ብትገባ ለእርስዎ ጥሩ አይደለም። በላጲስ፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንድም አላስቀረሁም።"

አባቴ መጽሐፏን እንደያዘ አንዱ በርሜል ላይ ተደገፈ። "እግዜር ይስጥልኝ" አለው። ከየት አምጥቶ እንዳለው እግዜር ይወቀው። ከዚያ ወደ ድስቶቹ ዞሮ ጮክ ብሎ "አሥራ አንድ" አለ።

ሰውየው የአባቴን ልጅ አስወስዶበት፣ ቆይቶ ደግሞ የልጁን ጽሑፍ በደግነት አጠፋለት። በእውነት በደግነት ነው? እኔ መጠርጠር አልተውኩም። ያጠፋው ለአባቴ ብሎ ነው ወይስ እዚያ ጠርዝ ላይ የተጻፈው ነገር ራሱን ስለነካው? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። እኛ ግን ደብተሮቹን ምድጃው ውስጥ እንድንከት ማንም አላዘዘንም።

ቤት ስንደርስ እናቴ መጽሐፏን ተቀብላ ገጽ በገጽ ገለጠች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ የልጇ ጽሑፍ የት የት እንደነበር ግን ከሁላችን በላይ ታውቃለች። ገጹ ሁሉ ንጹሕ ነው። አላለቀሰችም። አንዱ ገጽ ላይ ቆመችና ገልብጣ ጀርባውን በሌባ ጣቷ ዳሰሰችው።

"እጁ ከባድ ነበር" አለች።

እጄን ይዛ ጣቴን ቦታው ላይ አኖረችው። እርሳሱ ሄዷል፤ የተጫነው ግን አለ፣ ከጀርባ አብጦ። ገጹን መልሼ መስኮቱ ጋ ወሰድኩት፣ ወደ ብርሃኑ አዘነበልኩት። ቤት ስለመፈተሽ የሚለው ገጽ ነው። እንግሊዝኛውን ለመረዳት ስታገል ብዙ ጊዜ ያለፍኩት ጠርዝ ላይ ሁለት የአማርኛ ቃላት ነበሩ።

"ምን ይላል?" አለችኝ እናቴ።

"እኛ ቤትስ?" ብዬ አነበብኩላት።

መጽሐፏን ከእጄ ወስዳ ዘጋቻት፣ ትራክተሯን በመዳፏ አበሰችው።

"ምነው ያንን ባቄላ ባልበላሁት" አለች።